የሲካዳ ባሕረ ሐሳብ

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የእንጦጦ ራጉኤል በዓል። ቅዳሴው አልቆ፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ታውጀው፣ ሕዝቡ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ከአጎቴ ጋር ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር አረፍ አልን። ጋሼ ይፋት ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የተነጋገርነው ይህ ነበር።

ጋሼ፦ እናትሽ ባለፈው ስታወራኝ፣ እዚያ አገር አሥራ ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ ተቀምጦ ዓመቱ ሲሞላ የሚወጣ ፍጥረት አለ አለችኝ። እውነት ነው ወይስ ወሬ ማጣፈጫ ነው?

እኔ፦ እውነት ነው፣ ጋሼ። በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ በ1996 ግንቦት፣ አገሩን ገና ሳልላመደው፤ ከዚያ በ2013 ግንቦት፣ ኮሮናው ሳይለቀን። ሲካዳ ይባላሉ። ሲካዳ በዓለም ላይ ከሦስት ሺህ በላይ ዓይነት አለው፤ የእኛም ቆላ፣ ግራሩ መካከል ቀትር ላይ የሚጮኹ አሉት። እነዚያ ግን በየዓመቱ የሚታዩ ናቸው። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት ቆጥረው ባንድ ጊዜ ግር ብለው የሚወጡት በምሥራቅ አሜሪካ ብቻ የሚገኙ ሰባት ዝርያዎች ናቸው። ሦስቱ የአሥራ ሰባት፣ አራቱ የአሥራ ሦስት።

ጋሼ፦ ግር ብለው ስትዪ ምን ያህል ነው?

እኔ፦ በሚበዙበት ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 በላይ። አሸን ሲፈላ አይተው ያውቁ የለ?

ጋሼ፦ ይፋት ያደገ ሰው ደግሞ አሸን አላየም ትያለሽ? የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ክንፉን ዘርግቶ ይወጣል፤ መብራት ያለበትን ቤት ይሞላዋል፤ ጠዋት ክንፉ ብቻ ረግፎ ታገኚዋለሽ።

እኔ፦ እሱ ምስጥ ነው፤ አዲስ ጎጆ ሊመሠርት በየዓመቱ ይወጣል። ሲካዳው አንድ ሌሊት ሳይሆን ሳምንታት ነው የሚቆየው። መጀመሪያ ዛፉ ሥር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በየቦታው ይከፈታል፤ አንዳንዱ አፉ ላይ ጭቃ ከምሮ ትንሽ ግንብ ይሠራል። ከዚያ ይጠብቃሉ። አፈሩ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ፣ በተለይም ካፊያ ሲከተለው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይወጣሉ። ግንዱን፣ አጥሩን፣ የቤቱን ግድግዳ ይይዙታል። ጀርባቸው ይሰነጠቅና ነጭ ገላ፣ ቀይ ዓይን ያለው ፍጥረት ቅርፊቱን ጥሎ ይወጣል፤ እስኪነጋ ይጠቁራል፣ ክንፉም ይጠነክራል። በ1996 ጠዋት በሩን ስከፍት የግቢው ኦክ ዛፍ ግንዱ እስከማይታይ ባዶ ቅርፊት ለብሶ ቆየኝ። ደንግጬ ስመለስ ያከራዩኝ ሴትዮ፣ «አይናከሱም፣ አይናደፉም፣ ተያቸው» አሉኝ።

ጋሼ፦ ድምፅስ አላቸው?

እኔ፦ አላቸው እንጂ! ከወጡ ከጥቂት ቀን በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ ወንዶቹ ይጀምራሉ። ሆዳቸው ግራና ቀኝ ስስ፣ ሸንተረር ያለው ሽፋን አለ፤ ጡንቻቸው ጎትቶ ሲለቀው፣ የቆርቆሮ ክዳን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ቋ እንደሚል ይላል። ያንን በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ያደርጉታል። ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ድምፁን ያጎላዋል። ሺዎቹ አንድ ዛፍ ላይ ሲሰበሰቡ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፤ ሥሩ ቆመው ስልክ ማውራት አይችሉም። ሴቷ አትጮህም። የወደደችውን ስትሰማ ክንፏን አንዴ ታርገበግባለች፤ እሱም ያንን ሰምቶ ይጠጋል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ይህን ያህል ሠራዊት ምን ይበላል? እኔ አንበጣ የማውቅ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችን ላይ የወረደው 167 ሺህ ቶን እህል ነው የጨረሰው፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ጣሳ እየደበደብን ለማባረር ሞክረናል። በ2013 ጥቅምትም ወሎና ራያ ላይ ማሽላው ሊታጨድ ሲል ነው የደረሰበት።

እኔ፦ ሲካዳ ቅጠል አይበላም፣ ጋሼ። አፉ የሚያኝክ አይደለም፤ እንደ መርፌ ወግቶ የዛፍ ውሃ ይመጥጣል እንጂ። የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሰንጥቃ ስለሆነ ጫፉ ይደርቃል። ትልቅ ዛፍ ምንም አይሆንም፤ ችግኝ ግን ይጎዳል፣ ስለዚህ አትክልተኞች መረብ ያለብሱታል። አንበጣውማ ሌላ ነው። የ2012ቱና የ2013ቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓረብ በረሃ ላይ የዘነቡት ሁለት አውሎ ነፋሶች ናቸው፤ ሳይታሰብ በዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ። አንበጣ ቀን የለውም። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚከታተለው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ሲካዳው ግን ቀጠሮ አለው።

ጋሼ፦ ቀጠሮውን ማን አወቀላቸው?

እኔ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ ቤንጃሚን ባኔከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 ባልቲሞር አጠገብ የተወለደ ነጻ ጥቁር ገበሬ። ራሱን አስተምሮ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆነ፤ በ1791 የዋሽንግተን ከተማ ወሰን ሲለካ አብሮ የሠራ ሰው ነው። በ1749፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ መሬቱ ሲያወጣቸው አየ። እርስዎ እንዳሰቡት አንበጣ መስሎት፣ የምድሩን ፍሬ ሊጨርሱት ነው ብሎ ይገድላቸው ጀመር። ከዚያ ዋጋ እንደሌለው ገባው። በ1766 ተመለሱ፤ በ1783 ተመለሱ። እርሱም በ1800 እንደሚመጡ አስቀድሞ በማስታወሻው ጻፈ።

ጋሼ፦ ሦስት ጊዜ አይቶ አራተኛውን ተናገረ። ይህ ሰው ደብር ላይ ቢወለድ ኖሮ ባሕረ ሐሳብ ያውጅ ነበር።

እኔ፦ መዝጋቢ ባይኖር እኮ ማንም አያምነውም ነበር። ሰው በዕድሜው የሚያያቸው አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው፤ አንዴ ልጅ ሆኖ፣ አንዴ አግብቶ፣ አንዴ አርጅቶ። እነሱ ራሳቸው ደግሞ ወላጃቸውን አያዩም። እንቁላሉ ከስድስት እስከ ዐሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ሲፈለፈል ወላጆቹ ሞተዋል። ሩዝ የምታህለው ዕጭ ከቅርንጫፉ ወድቃ አፈር ትገባለች፤ ሥር ትፈልጋለች፤ እየጠባች አሥራ ሰባት ዓመት ትቀመጣለች። የሚነግራት ሽማግሌ የለም።

ጋሼ፦ ታዲያ በምን ትቆጥራለች? መሬት ውስጥ ፀሐይ የለ፣ ጨረቃ የለ።

እኔ፦ በዛፉ። ይህን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቻርድ ካርባን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሞክሮታል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን ዕጮች ከአፈር አውጥተው የኮክ ዛፍ ሥር ላይ አዛወሯቸው። ከዛፎቹ አንዳንዶቹን በዓመት ሁለት ጊዜ ቅጠል እንዲያወጡ አደረጉ። እነዚያ ላይ የነበሩት ሲካዳዎች ከቀጠሮው አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ። ዛፉ ሲለመልም ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ፈሳሽ ይለወጣል፤ እሷ የምትቆጥረው ያንን ነው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያው ዓመትን አይቆጥሩም። የዛፉን ለምለም ነው የሚቆጥሩት! ዛፉ ከሳተ እነሱም ይስታሉ።

እኔ፦ በትክክል። ቁጥሩን የያዘው ዛፉ ነው።

ጋሼ፦ እሱን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ። አሁን አሥራ ሦስትና አሥራ ሰባቱን ንገሪኝ። ሁለቱም ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም የማይካፈሉ ቁጥሮች ናቸው። እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም።

እኔ፦ ሊቃውንቱም እስከዛሬ ይከራከሩበታል። አንዱ ሐሳብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እየጠበቀ የሚበዛ ጠላት ቢኖር ከእነሱ ጋር እንዳይገጥም ነው የሚል ነው። ሌላው፣ የተለያዩ ጭፍሮች ቶሎ ቶሎ እንዳይገናኙና ዘራቸው እንዳይደባለቅ ነው የሚል ነው። ጭፍራ የምለው በአንድ ዓመት አብሮ የሚወጣውን ነው። ቻርልስ ማርላት የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 በሮማውያን ቁጥር ሰይሟቸዋል፤ ዛሬ ያሉት አሥራ አምስት ናቸው። የእኛ ሰፈሩ ዐሥረኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንዱ የአሥራ ሦስትና አንዱ የአሥራ ሰባት ጭፍራ ባንድ ዓመት ወጡ። እነዚያ ሁለቱ ከዚያ በፊት የተገናኙት በ1803 ነበር፤ ወደፊት የሚገናኙት በ2245 ነው።

ጋሼ፦ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ዓመት። አሥራ ሦስት በአሥራ ሰባት። ልጄ፣ ይህ እኮ ዐቢይ ቀመር ነው! የፀሐዩ ዑደት ሃያ ስምንት፣ የጨረቃው አሥራ ዘጠኝ። የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ እንደ መጀመሪያው የሚገጥሙት በሃያ ስምንት በአሥራ ዘጠኝ፣ በ532 ዓመት ነው። ያን ጊዜ ፋሲካው በዚያው ዕለትና በዚያው ቀን ይመለሳል። ይህን በባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩኝ አሥር ዓመቴ ነበር፤ አፈር ውስጥ የሚሠራበት አለ ያለኝ ግን የለም።

እኔ፦ ጠላቶቻቸውን ልንገርዎ፤ መብዛታቸው ምን እንደሚጠቅማቸው ከዚያ ይገባዎታል። ወፉ፣ ሽኮኮው፣ ውሻው ሁሉ ይበላቸዋል። ማምለጥ እንኳ አያውቁበትም፤ እጅ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ግን በልቶ የሚጨርሳቸው የለም። በላተኛው ሁሉ ጠግቦ ይተዋቸዋል፤ የተረፉት ይዋለዳሉ። ጥቂት ሆኖ ያለ ጊዜው የወጣው ግን ያልቃል። በ2013ቱ ወቅት ዋሽንግተን አካባቢ ያጠኑ ሰዎች ከሰማንያ በላይ የወፍ ዓይነት ሲካዳ ሲበላ መዝግበዋል። ወፎቹ ወደ ሲካዳ ሲዞሩ አባጨጓሬ የሚለቅም ጠፋ፤ ኦክ ዛፉ ላይ የነበረው አባጨጓሬ እጥፍ ሆነ፤ ቅጠሉም ተበላ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሲሞቱ ደግሞ ሬሳቸው መሬቱን ያዳብረዋል።

ጋሼ፦ አሥራ ሰባት ዓመት የሚጠብቃቸው ጠላት የለም ማለት ነው?

እኔ፦ አንድ አለ። ማሶስፖራ የሚባል ፈንገስ። ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሊወጡ ሲሉ ይይዛቸዋል። የሆዳቸው ጫፍ ይረግፍና በምትኩ ነጭ ዱቄት ይሞላዋል። መራቢያቸው እኮ አብሮ ወድቋል! ነገር ግን አይደክሙም፤ እየበረሩ፣ ሊዋለዱ እየሞከሩ ዱቄቱን ይረጩታል። በፈንገሱ የተያዘው ወንድ እንደ ሴት ክንፉን ያርገበግባል፤ ጤነኛው ወንድ ተታሎ ይመጣና እሱም ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውስጣቸው ያገኙት ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው።

ጋሼ፦ ካቲኖን ምንድን ነው?

እኔ፦ ጫት ቃሚን የሚያነቃው ዋናው ነገር።

ጋሼ፦ ጫት! ሜሪላንድ ውስጥ? አፈር ውስጥ?

እኔ፦ እኔም ሳነብ እንደዚሁ ነው ያልኩት። እስከዚያ ድረስ በተክል ውስጥ ብቻ ነበር የሚታወቀው። ፈንገሱ ከየት አምጥቶ እንደሚሠራው ገና እያጠኑት ነው። ሥራው ግን ይታያል፤ ያ የተጎዳ አካል ዕረፍት የለውም።

ጋሼ፦ ሐረርጌ ሳስተምር ሌሊቱን ቅመው ሳይተኙ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ዓይናቸው እንደፈጠጠ ይቀመጣሉ፤ የጻፍኩትን ግን አያዩም። እንግዲህ ምን እላለሁ... ያን ያዢልኝ ያልኩሽን አምጪው። ዛፉ ከተቆረጠስ?

እኔ፦ ዕጩ ይሞታል። ሥሩ ሲደርቅ የምትጠባው የላት፤ ርቃ አትሄድም። የከተማው ዳርቻ ሲስፋፋ ዛፍ ተነቅሎ አስፋልት ሲነጠፍ፣ ከሥሩ አምስት ዓመት የቆጠሩ ወይም አሥራ ስድስት ዓመት የቆጠሩ ይኖራሉ። ማንም አያያቸውም። ቀኑ ሲደርስ ነው ሰው «እዚህ ለምን አልወጡም?» የሚለው። ኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ የነበረው አሥራ አንደኛው ጭፍራ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ደርሶ አልወጣም። የጠፋ መሆኑን ለማወቅ እንኳ አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ጋሼ፦ ይኸኛው የተቀመጥንበት ባሕር ዛፍስ ምን ያስተናግዳል?

እኔ፦ አገሩ አውስትራሊያ ላይ ቢሆን በበጋ ሲካዳ ይጮህበት ነበር፤ እዚያ ባሕር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ብዙ ዓይነት አሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደኛ የመጣው ግን ዘሩ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጫካው ጸጥ የሚለው።

ጋሼ፦ አትንቀፊው። ይህ ተራራ ጥዱ ለማገዶና ለቤት አልቆ ተራቁቶ ነበር፤ ከተማው ማገዶ አጥቶ ሊነሣ ሲል ያቆመው ይህ ዛፍ ነው። ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ አይሞትም። ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሱ ነው።

እኔ፦ አልነቅፈውም። የምለው ሌላ ነው። አሁን እንጦጦ ላይ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው እንደገና እየተተከለ ነው፤ ደስ ይለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። የተተከለው ሲቆጠር እሰማለሁ። ግን በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ቆሞ ያለው ተቆጥሮ ቢነገረን ይሻለኛል። የዚያ ቀን ችግኞች አሥራ ሰባት የሚሞላቸው በ2028 ሐምሌ ነው። ሲካዳ የሚያውቀው የቆመውን ዛፍ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። የተማሪዬን ብዛት በመስከረም ብቻ ብቆጥር ኖሮ ሁሉም ያለፈ ይመስለኝ ነበር። በሰኔ ነው የሚቆጠረው።

እኔ፦ እርስዎ የችግኝ ተከላው ኮሚቴ ውስጥ አሉ አይደል? ይንገሯቸው።

ጋሼ፦ እነግራቸዋለሁ። ቁጥር ሲሉኝ እንቅልፍ የለኝም። በይ አሁን ዓመቶቹን ልመልስልሽ። 1996 ብለሻል፤ 5500 ስጨምርበት 7496፤ ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ። 2013፣ ቀሪው አንድ፤ ዘመነ ማቴዎስ። ቀጣዩስ መቼ ነው?

እኔ፦ እ.ኤ.አ. 2038። በኛ 2030 ግንቦት።

ጋሼ፦ ቀሪው ሁለት፤ ማርቆስ። አየሽ፣ አሥራ ሰባት ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ በወጡ ቁጥር ወንጌላዊው በአንድ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ በ2047 በሉቃስ ይወጣሉ። ቆዪ፣ የ2030ን ፋሲካ ላውጣው... ወንበር አምስት፣ አበቅቴ ሃያ አምስት፣ መጥቅዕ አምስት። ጥቅምት 5 ሐሙስ ይውላል፤ ተውሳኩ ሦስት። ነነዌ የካቲት 8፣ ፋሲካ ሚያዝያ 17። ግንቦት መጀመሪያ ገደማ ይወጣሉ ካልሽ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው።

እኔ፦ በ1996ም በ2013ም እንደዚያው ነበር። ጾም የሌለበት ወቅት። አንድ ነገር ግን ልጨምርልዎ፤ ሁሉም ቀጠሮውን አያከብሩም። ጥቂቶቹ አራት ዓመት ቀድመው ይወጣሉ። በ2009 ግንቦት ሰፈራችን ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ብዙ ስላልነበሩ ወፍ ቶሎ ጨረሳቸው።

ጋሼ፦ አራት ዓመት? ሁልጊዜ አራት?

እኔ፦ ሁልጊዜ ባይሆንም የሚበዛው አራት ነው።

ጋሼ፦ አራት ከሆነ እኮ ወንጌላዊው አይለወጥም! 2009 ማቴዎስ፣ 2013 ማቴዎስ። እንግዲያው የ2030ዎቹ ቀዳሚዎች በ2026 ነው የሚታዩት፤ እሱም ማርቆስ ነው። 2030ን ላልደርስበት እችላለሁ፤ 2026 ግን ስምንት ዓመት ነው የቀረው። ግንቦት ላይ ያ ኦክ ዛፍ ሥር ቆመሽ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ወደ ግንዱ አስጠጊው።

እኔ፦ ኦክ ዛፉ የሴትዮዋ ነው፤ ቤቱን ደግሞ ሊሸጡት ነው።

ጋሼ፦ ገዢው ሳይገባ ሄደሽ ሥሩ ምን እንዳለ ንገሪው።